የብረት ቀለበት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በስልክ ተናግሬ የማልጨርሰው ነገር ስለገጠመኝ ነው ዛሬ መጻፌ።

እዚህ ሮም የምንከባከባቸው አሮጊት ባለፈው እሑድ ከመሳቢያቸው አንዲት ቀለበት አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። ብረት ናት፤ ጠቁራለች፣ ክብደትም የላት። ውስጧ «ወርቅ ለአገር» የሚል ቃል ከኖቬምበር 18 ቀን ጋር ተቀርጿል። በእኛ ኅዳር 8 ቀን 1928 መሆኑ ነው፤ የመንግሥታቱ ማኅበር አገራችንን በመውረሯ በኢጣልያ ላይ የጣለው ማዕቀብ የጀመረበት ቀን።

«የእናቴ ናት» አሉኝ። በወሩ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን፣ የኢጣልያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። እዚሁ ሮም ንግሥት ኤሌና የራሷንና የንጉሡን ቀለበት ቀድማ ሰጠች፤ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች እናቶችና ሚስቶች ተከተሏት። ወርቁን ለሰጠች ሁሉ በምትኩ ብረት ይሰጣት ነበር። ደራሲው ፒራንዴሎ እንኳ የኖቤል ሜዳሊያውን ሰጥቷል። የአሮጊቷ እናት ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ከዚያች ቀለበት በቀር ወርቅ የሚባል አልነበራቸውም። ጎረቤት ምን ይለኛል ብለው፣ ደግሞም አምነውበት፣ አውልቀው ሰጡ።

አባባ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሳይሞላ በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ወረደ። ቀለበቷን ጨብጬ አለቀስኩ። አሮጊቷ ለእናታቸው ያለቀስኩ መስሏቸው እጄን ሳሙኝ። ዝም አልኩ። የድኻ ሴት ቀለበት ነበረችና ልጠላት አልቻልኩም፤ የወርቋን ዋጋ የከፈልነው ግን እኛ ነን።

ሌሊቱን ሙሉ እምዬን ሳስብ አደርኩ። የብር ድሪዋን ከአንገቷ አውልቃ ለአንጥረኛ መሸጧን፣ በገንዘቡ ጨውና ጥይት መግዛቷን ስንት ጊዜ አጫውተውኛል! እርስዎን በአንቀልባ አዝላ፣ ጥይቱን ከእግርዎ ሥር በአንቀልባው እጥፋት ሸሽጋ፣ ባንዳዎቹ የቆሙበትን ኬላ ታልፍ ነበር። ሲያለቅሱ «ልጄን አመመው» ትላቸዋለች፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ትቆነጥጥዎታለች። ውጊያ በተካሄደበት ሜዳ ሴቶቹ በሌሊት ቀለህ ለቅመው በሽሮ ቅል እንደሚያመጡ፣ አንድ ቀጥቃጭ ባሩድ እየሞላ እንደሚመልሰውም ነግረውኛል። ያ ሁሉ ዳገቱ ላይ ላሉት የአበበ አረጋይ ሰዎች ይደርስ ነበር።

የውስጥ አርበኛ ሲባል ሰው ሁሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ያነሳል፤ ይገባቸዋልም። አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች ስንቅና ወሬ ሲያቀብሉ ተይዘው እዚህ ኢጣልያ፣ አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። እምዬስ በማን መዝገብ አለች? ለድሪዋ ምትክ ብረት እንኳ የሰጣት የለም። የእርስዎ ትዝታ ብቻ ነው ያላት፤ እርሱም ከእርስዎ ሌላ ማንም ዘንድ የለም።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ከቡና በኋላ፣ ሳይደክምዎ፣ ቁጭ ብለው ይንገሩት። ድሪው ስንት ዘርፍ ነበር? አንጥረኛው ማን ይባላል? ኬላው ከወንዙ ወዲህ ነበር ወዲያ? ቀለሁን የሚሞላው ሰው ዘሮቹ አሉ? ስማቸውን ያስታወሷቸውን ሴቶች ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ የአባታቸውን ስም ጨምረው ይጥሩልኝ። የረሱት ካለ አይጨነቁ፤ ሌላ ቀን ሲመጣልዎ ይጨምሩበታል።

አንቀልባው ቆጡ ላይ ካለ አደራ ማንም እንዳይጥለው። ለፋሲካ ስመጣ እኔው ራሴ አወርደዋለሁ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ