የጋጋሪዎች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ክራሞት

የጋጋሪዎች ክበብ ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔት ያወጣው ዘገባ አምስት መስመር ብቻ እንደነበረ፣ ከአምስቱም ሁለቱ ይቅርታ መጠየቂያ እንደነበሩ የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። ለወላጆች ቀን የጋገርናቸው ትንንሽ ኬኮች ከምድጃ ሲወጡ እንደ ጉልላት አብጠው የነበረ ቢሆንም፣ ጠረጴዛው ላይ እስኪደርሱ መሐላቸው ሰርጉዶ የሲኒ ማስቀመጫ መስለው ነበር። ጉድጓዱን በክሬም ሞልተን አቀረብናቸው፤ እንግዶቹም በጨዋነት በሉልን። የዘንድሮው ዘገባ የረዘመው ያ ጉድጓድ ከየት እንደመጣ ስናጣራ ዓመቱን ስለፈጀን ነው።

ክበባችን የሚጋግረው ትልቁን የልደት ቶርታ ሳይሆን፣ በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ የሚያልቀውን፣ በኬክ ወረቀት ውስጥ ተጋግሮ ላዩ በቀለም የሚያጌጠውን ትንሽ ኬክ ነው። ይህን የመረጥነው ከውበቱ ይልቅ ስለሚያመቸን ነው። ለድግስ ሲቀርብ ቢላዋና ሹካ አይጠይቅም፤ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ይደርሳል፤ ቡና ሲፈላም ከፈንድሻው ጎን በሰፌድ ይቀመጣል። ፈረንሳዮች ትንንሽ ኬኮቻቸውን «ፔቲ ፉር» ይሏቸዋል፤ ትርጉሙ «ትንሽ ምድጃ» ማለት ነው። ስሙ የወጣላቸው በጡብ ምድጃ ዘመን ትልልቁ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ እየበረደ በሚሄደው ሙቀት ይበስሉ ስለነበረ እንደሆነ ይነገራል። ይህን በጥቅምት ወር ለአባላቱ ባስረዳሁበት ዕለት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ምድጃም ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ እየበረደ እንደሚውል አስታወሰን።

የትምህርት ቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ ጊዜ ከአንድ ትሪ በላይ አይዝም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሹን የለም። ስለዚህ ሦስት አባላት ተመርጠው ወደ ዳቦ ቤቱ ባለቤት ሄዱ። ጋሼ ምንም ሳያንገራግሩ፣ የከሰዓቱ ዳቦ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ያለው እሳት የተማሪዎቹ እንዲሆን ፈቀዱ፤ የጠየቁት አንድ ነገር ቢኖር ምድጃው ውስጥ ስኳር እንዳይንጠባጠብ ብቻ ነው። የማገዶ ምድጃ ሙቀት መለኪያ ስለሌለው አባላቱ የዳቦ ጋጋሪዎቹን ዘዴ ተማሩ። ጥቂት ዱቄት ወለሉ ላይ ይበተንና ይቆጠራል፤ ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ ምድጃው ለኬክ ይበረታል፣ ሳይቸኩል ቀስ ብሎ ወርቃማ ከሆነ ትሪው ይገባል፣ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ደግሞ ዘግይተናል ማለት ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተን እንደነበረ መደበቅ አልፈልግም።

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ። ደሴ በጦሳ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እኛ ግን ስንጠቀምበት የኖርነው የአሠራር መመሪያ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነበር። ቤኪንግ ፓውደር እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በላዩ የሚጫነው አየር ሲቀንስለት ከሚገባው በላይ ይለጠጥና ሊጡን ቶሎ ያሳብጠዋል። እንቁላሉና ዱቄቱ ረግተው ግድግዳ ሳይሠሩ አረፋው ስለሚፈነዳ፣ ያበጠው ተመልሶ ይወድቃል። በተጨማሪም ውሃው ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ እየበረታ ሊጡ እንዳይረጋ ያዘገየዋል። የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ሳለ ይህን ለማሰብ አንድ ዓመት መፍጀቴ በባልደረቦቼ ዘንድ የሻይ ሰዓት መሣቂያ አድርጎኛል።

አባላቱ ነገሩን በቃል ብቻ እንዲቀበሉ ስላልፈለግሁ ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር አውጥተን ውሃ አፈላን። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል፤ የእኛ ውሃ ግን እየተንፈቀፈቀ ከ92 ዲግሪ ፈቀቅ አላለም። በጥር ወር የአንዲት አባላችን እኅት ሠርግ ኮምቦልቻ ላይ ስለነበረ ኬኩን እዚያው እንድንጋግር ተጠየቅን፤ ቴርሞሜትሩም በጨርቅ ተጠቅልሎ አብሮን ወረደ። ኮምቦልቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ብትሆንም ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ውሃውም በ94 ዲግሪ ፈላ። ሁለት ዲግሪ ምን ለውጥ ያመጣል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ለደሴ አስተካክለን የጻፍነውን አሠራር ሳንለውጥ ስንጋግርበት ግን የመጀመሪያው ትሪ ጠበቅና ጠፍጠፍ ብሎ ወጣ፤ ቤኪንግ ፓውደሩን በቁንጥር ከፍ ካደረግን በኋላ ሁለተኛው ትሪ አማረ። የሠርጉ ባለቤቶች የመጀመሪያውን ትሪ ለልጆች አድለው ስላሟሟቁልን ክበቡ ያመሰግናል።

በደሴ የደረስንበት ልክ በክበቡ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ለ200 ግራም ፉርኖ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ የነበረው ቤኪንግ ፓውደር ወደ አንድ ከሩብ ወረደ፤ 200 ግራም የነበረው ስኳር 170 ሆነ፤ ወተቱ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨመረ፤ የኤሌክትሪኩ ምድጃም ከ180 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ ብሎ ኬኩ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ብቻ እንዲቆይ ተደረገ። የኬኩ ትንሽነት ራሱ እንደረዳን የተረዳነው ከዚህ በኋላ ነው። በትልቅ ቶርታ ሙቀቱ መሐሉ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ጠርዙ ሲረጋ መሐሉ ገና ፈሳሽ ሆኖ ለመውደቅ ይጋለጣል፤ በጉርሻ ልክ የተጋገረው ግን ዙሪያውም መሐሉም በአንድነት ይረጋል። በዚህ ከተማ ቶርታ ለመጋገር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በትንሹ ቢለማመድ ይሻለዋል የሚል አቋም የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው። የዱቄቱ ልክ ተስተካክሎም ሁለት ጊዜ ሳይነሣልን የቀረው ከአንድ ሱቅ የገዛነው ቤኪንግ ፓውደር ኃይሉ ያለቀ ስለነበረ ነው፤ አሁን ከመጠቀማችን በፊት ቁንጥር ወስደን ሙቅ ውሃ ላይ እንጥላለን፣ ካልተፍለቀለቀም አንገባበትም።

ሁለተኛው ሥራችን ከጾም ጋር የተያያዘ ነበር። የክበባት ቀን ዓርብ እንዳይሆን ጁምዓ አለ፤ ስለዚህ ረቡዕ ተመደበልን። ረቡዕ ደግሞ የጾም ቀን ስለሆነ ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ የጋገሩትን ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። እንደሚታወቀው በወሎ ድግስ ሥጋው በሁለት ወገን ይሠራል፣ እንግዳውም እንደ እምነቱ ይስተናገዳል፤ ኬኩንም በሁለት ወገን እንሥራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት አንድ ኬክ ብንጋግር ማንም የማይከለከልበት አንድ ሰፌድ እንደሚበቃን ተናገረች፤ በወተቱ ፈንታም አያቷ በጾም ለፍትፍት የሚያዘጋጁትን የሱፍ ውሃ ለመሞከር ሐሳብ አቀረበች። ሱፉ ለብ ብሎ ታምሶ፣ ተወቅጦና በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት የመሰለና ቅባት ያለው ፈሳሽ ይወጣዋል። በዚህ የተሠራው ኬክ በውሃ ብቻ ከተሠራው ይልቅ የለሰለሰና ለውዝ ለውዝ የሚል ሆኖ አግኝተነዋል።

የጾሙ ኬክ የሚነሣው በቤኪንግ ሶዳና በአቼቶ ነው። ለ200 ግራም ፉርኖ ዱቄት 170 ግራም ስኳር፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 260 ሚሊ ሊትር የሱፍ ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይገባበታል። ችግሩ አቼቶው ከሶዳው ጋር በተገናኘበት ቅጽበት አረፋው ስለሚጀምር ሊጡ ቆሞ አለመጠበቁ ነው። የመጀመሪያውን ትሪ በክፍል ውስጥ ሞልተን፣ መንገድ ተሻግረን፣ የዳቦ ገዢዎችን ሰልፍ አልፈን ምድጃው ጋ ስንደርስ ጋዙ በመንገድ ላይ አልቆ ጠፍጣፋ ብስኩት ጋገርን። ከዚያ ወዲህ አቼቶው በብልቃጥ ይያዝና ትሪው ሊገባ ሲል ዳቦ ቤቱ በር ላይ ይጨመራል፤ አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ያማስላል፣ ሁለቱ ይሞላሉ፣ ጋሼም የምድጃውን በር ይዘው ይጠብቃሉ።

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለገቡ ክበቡ ጨርሶ ቀማሽ ያጣበት ወቅት ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚጋግር ሁሉ ጿሚ ነው፤ መምህሩም ጭምር። ስኳሩ መብዛት ማነሱን የሚነግረን ስለጠፋ፣ ለጾም ያልደረሱ አራት የ1ኛ ክፍል ሕፃናት በመምህርታቸው ፈቃድ ቀማሽ ሆነው ተሾሙ። ፍርዳቸው ጥብቅ አልነበረም፤ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ድገሙን የሚል ነበር። ቢሆንም አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ ምራቋን ስትተፋ ባንደርስ ኖሮ ጨው በስኳር ቦታ የገባበት ትሪ ለኢፍጣር ወደየቤቱ ይሄድ ነበር።

ቀለሙ ያልጠበቅነውን ያህል አድክሞናል። ፒያሳ በብልቃጥ የሚሸጠውን ቀለም ለመግዛት ሄደን አንዳንዱ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ሆኖ ስላገኘነው ተመለስን። ቀይ ቀለሞች መካከል ኢ 120 በሚል ምልክት የሚታወቀው ከነፍሳት የሚወጣ በመሆኑ፣ አንድ ሰፌድ ለሁሉም ብለን ለተነሣን ሰዎች ምንጩ ያልታወቀ ቀለም አይሆንም። ስለዚህ ከሰኞ ገበያ ቀይ ስር፣ ቆስጣና እርድ ገዛን። እርዱን ሊጡ ውስጥ ጨምረን ቢጫ ኬክ ስንጠብቅ የጡብ ቀለም ያለው ኬክ ወጣ። እርድ ከሶዳ ጋር ሲገናኝ ወደ ቀይ የሚለወጥ የአሲድና የቤዝ መለያ ነው፤ ይህንንም በየዓመቱ በክፍል የማሳየው እኔው ነኝ። የቀይ ስሩ ሊጥ ደግሞ ሳህን ላይ እንደ ጽጌረዳ አምሮ ገብቶ ቡናማ ሆኖ ተመለሰ፤ ቀለሙ እሳትንም ሶዳንም አይችልም።

ከእነዚህ ሁለት ረቡዖች በኋላ ቀለም ውስጥ ሳይሆን ላይ ይሁን ተባለ። ስኳሩ በደረቅ መፍጫ ይልማል፣ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ይጨመርበታል፣ ከዚያም በቀለሙ ጭማቂ ይለወስና ኬኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀባል። ቀይ ስር የሎሚ ጠብታ ሲያገኝ ደምቆ ይቆያል፤ ቆስጣ ግን በሎሚ ይጠወልጋል፣ አረንጓዴውም ወደ ወይራ ቀለም ይዞራል። ስለዚህ ቆስጣው ለአፍታ ብቻ በፈላ ውሃ ተነክሮ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ከተመታ በኋላ ያለ ሎሚ ይጨመቃል። ለፍስክ ቀናት የምንሠራው የገበታ ቅቤ ክሬም በታኅሣሥ ብርድ እንደ ድንጋይ ስለሚደድር ሳህኑን ለብ ባለ ውሃ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለማስጌጫም ጫፉ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ በቂ ሆኖ አግኝተነዋል፤ የተገዛው የክሬም መርፌ አሁንም በሣጥኑ ነው።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ከዋለ በኋላ የፍስኩና የጾሙ ኬክ ጎን ለጎን ቀርበው በአባላት ድምፅ ተወዳደሩ፤ የሱፉ ኬክ በሁለት ድምፅ ተሸነፈ። የግንቦቱ የወላጆች ቀንና የሰኔው የ12ኛ ክፍል ስንብት ያለ ይቅርታ አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ጉድጓዱን የበሉልን አንድ አባት ኬኩን ገልብጠው ታቹን ካዩ በኋላ መሐሉን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ፈተኑት፤ ተመልሶ ሲነሣላቸው ሁለተኛ ወሰዱ። ሒሳቡ ተመርምሮ ለክበባት አስተባባሪ ቀርቧል፤ ዕዳ የለብንም፣ ቀሪውም ብዙ አይደለም።

ለመጪው ዓመት አባላት የሚተላለፈው ደብተሩ፣ ሁለት ባለ ጉድጓድ ትሪዎች፣ ቴርሞሜትሩን ለቤተ ሙከራ የመመለስ ግዴታና ያልተፈታው የሰማያዊ ቀለም ጉዳይ ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ላይ ቁንጥር ሶዳ ሲጣልበት እንደ መስከረም ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ለተመራቂዎቹም በዚሁ የተቀባ አንድ ትሪ አዘጋጅተን ነበር። ከሰፌዱ መጀመሪያ የተነሡት ሰማያዊዎቹ ነበሩ፤ ግማሻቸው ተገምጠው ተመለሱ፤ ጎመን ጎመን ይላሉ።