የመሪ ላይ አዝራሮች አልሠራ ሲሉ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያው ወይም የስልክ ማንሻው ከመሪው ላይ አልታዘዝ ሲላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ሶማሌ ተራ ነው። ያገለገለ የአዝራር ስብስብ ገዝታችሁ «ይህን ቀይሩልን» ትሉናላችሁ። ፈትተን ስናየው ግን ብዙ ጊዜ የተበላሸው እሱ ሆኖ አይገኝም። ገንዘባችሁ በከንቱ እንዳይወጣ፣ ከገንዘብም የሚበልጥ አንድ ጉዳይ እንዳያመልጣችሁ ብለን ይህን ጽፈናል።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። ክላክሱ ይሠራል? ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የኤርባግ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ይቀራል? ክላክሱ ደህና ከሆነና መብራቱ ከጠፋ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአዝራሮቹ ወይም ከሬዲዮው አያልፍም። አዝራሩም ክላክሱም ዝም ብለው የኤርባግ መብራቱ ከበራ ግን ስፓይራል ኬብሉን እንጠረጥራለን።

ስፓይራል ኬብል ከመሪው ሥር በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ስስና ጠፍጣፋ ገመድ ነው። መሪው ሲዞር እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ይጠቀለላል፣ ይፈታል። የአዝራሮቹም፣ የክላክሱም፣ የሾፌሩ ኤርባግም ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ርዝመቱ የተመጠነ ስለሆነ፣ መሪው ለጥገና ተፈትቶ ሲመለስ መሃሉን ሳይጠብቅ ከታሰረ፣ መሪው እስከ ጥግ በተጠመዘዘ ጊዜ ይበጠሳል። በቅርቡ የመሪ ሥራ አሠርታችሁ ከሆነ እባካችሁ አትደብቁን። ከጃፓን ተነሥተው በዱባይ በኩል የገቡና መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዞች ደግሞ ሽቦዎቻቸው የተቀጠሉ ስለሚሆኑ፣ ከኬብሉ በፊት ቅጥያዎቹን እንፈትሻለን።

ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ሞተሩን አስነሡ፤ አንድ አዝራር እየደጋገማችሁ እየተጫናችሁ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ አዙሩ። ቀጥ ሲል ሠርቶ ሲጠመዘዝ ካቋረጠ ኬብሉ መሄጃው ደርሷል።

በ2014 እ.ኤ.አ. ቶዮታ በዚሁ ኬብል ምክንያት ያሪስ፣ ኮሮላና ራቭ 4ን ጨምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ገመዱ ከተቋረጠ የሾፌሩ ኤርባግ በግጭት ጊዜ ላይከፈት ይችላል። «መብራቱን ብቻ አጥፉልኝ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብልን የማንቀበለውም ለዚህ ነው። በኤርባጉ ሶኬት ላይ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) አስሮ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል፤ የሚያደርጉትም አሉ። ያኔ መኪናው ደህና ነኝ እያለ ይዋሻል፣ ሾፌሩም አምኖ ይነዳል። እኛ ይህን በምንም ክፍያ አንሠራም።

አዝራሩ ራሱ የሚበላሸው በአብዛኛው በእርጥበትና በቆሻሻ ነው። በብዙ መኪኖች አዝራሮቹ ሁሉ በአንድ ሽቦ ነው የሚናገሩት፤ እያንዳንዱ የተለያየ ሬዚስተር አለው፣ ሬዲዮውም የትኛው እንደተነካ የሚለየው በዚያ ልዩነት ነው። ስለዚህ ድምፅ ልትጨምሩ ስትጫኑ ጣቢያ ከቀየረ፣ ውስጡ ያለው ቆሻሻ ልኩን አዛብቶታል ማለት ነው። አንድ ኮሮላ ላይ ይህ ገጥሞን ስንከፍተው የደረቀ ለስላሳ መጠጥ መገናኛዎቹን አጣብቋቸው ነበር፤ በንጹሕ አልኮል ጠርገን መለስነው፣ የተገዛ ዕቃ አልነበረም። ላቫጆ ስትገቡም መሪው ውሃ በሚያንጠባጥብ ስፖንጅ እንዳይታሽ ንገሯቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ሬዲዮው የተቀየረባቸው መኪኖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የቆዩ የጃፓን ሬዲዮዎች የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ነው፤ ኤፍ ኤም 97.1ን ለማዳመጥ ሲባል ብዙዎቹ በአንድሮይድ ስክሪን ተተክተዋል። ስክሪኑ የመሪውን አዝራሮች የሚያውቀው ሲያስተምሩት ነው፤ ባትሪ ከተነቀለ ደግሞ አንዳንዱ የተማረውን ይረሳል። የስክሪኑን ማስተካከያ ከፍታችሁ የመሪ ምልክቱን ንኩ፣ አዝራሮቹን በየተራ እየተጫናችሁ ከተግባራቸው ጋር አዛምዱ። ለዚህ ወደ እኛ መምጣት አያስፈልግም።

በአዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን አዝራሮቹ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት በአብዛኛው በዲጂታል መልእክት ስለሆነ፣ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) ሳይመረመሩ ምንም ባይነካ ይሻላል።

አንድ ልመና አለን፤ መሪውን በቤታችሁ አትፍቱ። እኛ እንኳ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለን ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳንጠብቅ አንነካውም። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነውና ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እንዳታስገቡበት፤ ከቴስተሩ የሚወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል።

ስትመጡ የትኛው አዝራር መቼ እንደሚያቋርጥ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተሠራ ጽፋችሁ ያዙ፤ የምርመራው ጊዜ ያጥራል፣ ክፍያውም ይቀንሳል። የኤርባግ መብራት የበራባችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወረፋ ቢኖርም እናስቀድማችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋራዡ የኤሌክትሪክ ክፍል ባለሙያዎች