ታፔላው ላይ «ራስን መከላከል» ካላችሁ አስተምሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የስፖርት ገጻችሁ ላይ ካራቴ ከፓሪስ ኦሎምፒክ በመቅረቱ የተቆረቆረ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። የጸሐፊው ቁጭት ይገባኛል። ካራቴ ቶኪዮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ፣ በሚቀጥለው ወጣ። ያሳዝናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ መሀል ከተማ ላይ «ካራቴ፣ ራስን መከላከል» የሚል ታፔላ ሰቅለው ውስጥ ገብታችሁ ስታዩ ነጥብ ማስቆጠር ብቻ የሚያስተምሩ ክለቦች ጉዳይ ነው።

ማን ነሽ ካላችሁ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ መድኃኒት ቤት የምሠራ፣ ሃምሳ የተጠጋኝ ሴት ነኝ። የማታ ተረኛ ስሆን ዘግቼ የምወጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ወጥቼ ታክሲ እጠብቃለሁ። ካራቴ የጀመርኩት ለዚህ ነው እንጂ በዚህ ዕድሜዬ ሜዳሊያ አምሮኝ አይደለም። ክለብ ውስጥ ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል። ቅር አይለኝም፣ አብዛኞቹ ልጆቼ ይሆናሉ።

እውነት ለመናገር ዋናው መንገድ አሁን አምሯል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ መብራቱ ደምቋል፣ የእግረኛውም መንገድ ሰፍቷል። ችግሩ የማናችንም ቤት ዋናው መንገድ ላይ አለመሆኑ ነው። ከመብራቱ ወጥታችሁ ወደ ውስጥ ስትታጠፉ በአንድ በኩል የግንባታ ቆርቆሮ፣ በሌላው በኩል የተዘጋ ሱቅ፣ መሀል ላይ እናንተ ብቻ። ማጅራት መቺ እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኋላ ነው የሚመጣው። አንዱ ክንዱን አገጫችሁ ሥር አስገብቶ ያንቃል፣ ሌላው ኪስና ቦርሳ ይበረብራል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፊት ለፊት ርቆ ቆሞ፣ ዳኛው «ሃጂሜ» (ጀምሩ) እስኪል የሚጠብቅ ማጅራት መቺ እስካሁን አልሰማሁም።

መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ክለብ ግን ያስተማረኝ እንዲህ ዓይነቱን ጨዋ ሌባ ለመግጠም ነበር። እየነጠርን እንገባለን፣ በቡጢ ነካ አድርገን እንወጣለን። ነካ፣ ውጣ። ነካ፣ ውጣ። አንድ ቀን አሠልጣኙን «ከኋላ አንገቴን ቢይዘኝስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱ ውድድር ላይ የለም» አለኝ። ልጁ ክፋት የለበትም፣ የተማረውን ነው ያስተማረኝ። ገንዘቤን የተቀበለው ግን ታፔላው ላይ በጻፈው ነገር ነው።

አሁን የምሠለጥነው ስታዲየም አካባቢ ባለች ጠባብ አዳራሽ ነው። አስተማሪያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰባ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ካታ ያሠሩናል፣ ያውም ደጋግመው። ካታ ለማያውቅ አንባቢ፣ ለብቻ የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ የታወቀ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት ነው። ከውጭ ላየው ጭፈራ ይመስላል። እኔም የቀድሞው ክለብ ውስጥ ለቀበቶ ፈተና ብቻ የሚሸመደድ ነገር አድርጌ ነበር የማየው።

ጌዳን ባራይ የሚባለውን እንቅስቃሴ እንውሰድ። አንድ እጅ ወደ ታች ይጠርጋል፣ ሌላው እጅ ተጨብጦ ወገብ ላይ ይቀመጣል። «ከታች የመጣ እርግጫ መመከቻ ነው» ይባላል። ታዲያ ያኛው እጅ ወገብ ላይ ምን ይሠራል? ፊት ክፍት ሆኖ እያለ እጅ ወገብ ላይ ማስቀመጥ እብደት አይደለም? ጋሼ መልሱን በቃል አልነገሩኝም። የእጄን አንጓ ጭምቅ አድርገው ያዙና «አስለቅቂ» አሉኝ። ጎተትኩ፣ ንቅንቅ የለም። «እጅሽን በአውራ ጣቴ በኩል አዙረሽ አውጪ፣ መልሰሽ የኔን ያዢ። ከዚያ ወገብሽ ድረስ አምጪው» አሉ። እንዳሉት ሳደርግ ሽማግሌው ወደ ፊት ተንገዳገዱ፣ ክንዳቸው ተዘረጋ። «አሁን ያን ወደ ታች የሚጠርገውን እጅሽን ክርኔ ላይ አሳርፊው፣ ቀስ ብለሽ!» ቀስ ብዬም አንበረከክኳቸው። ወገብ ላይ ያለው እጅ ለካ ባዶ አይደለም። የሰውየውን እጅ ይዞ ነው የሚመጣው። ጃፓኖቹ ሂኪቴ ይሉታል። ውድድር ላይ ግን ሰውን ይዞ ማቆየት ስለማይፈቀድ ቀስ በቀስ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ይህን የምለው ከራሴ አመንጭቼ አይደለም። ካራቴ የመጣው ከኦኪናዋ ደሴት ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲገባ ያደረገው አንኮ ኢቶሱ እ.ኤ.አ. በ1908 ለትምህርት ባለሥልጣናት በጻፈው ደብዳቤ፣ ካራቴ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ለመፎካከር የታሰበ ሳይሆን ድንገት ወንበዴ ቢመጣ ከጉዳት ለማምለጥ መሆኑን ገልጿል። ተማሪው ጊቺን ፉናኮሺ፣ እሱም የትምህርት ቤት መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ቶኪዮ ወሰደው። ፉናኮሺ ግጥሚያ አይወድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሞተ፤ የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር ያካሄደው በዚያው ዓመት ነው። እንዲህ ነው ነገሩ።

ፉናኮሺ ራሱ የጻፋት አንዲት ታሪክ አለች፣ ጋሼ ሲነግሩን ሁሌም እንስቃለን። ሽማግሌ ሆኖ አንድ ሌባ መንገድ ላይ ገጠመው። ሌባው ሲሰነዝርበት ዝቅ አለና ያዘው። የት እንደያዘው ጋዜጣ ላይ አይጻፍም፣ ወንድ አንባቢ ግን ይገባዋል። ፖሊስ ደርሶ እስኪረከበው ድረስ አልለቀቀውም። ይህ በየትኛውም የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ አያሰጥም። እንዲያውም ያስባርራል። ሰውየው ግን ያንን ተጠቅሞ ቤቱ ገባ። በኋላ እንዳፈረም ጽፏል። እንደኔ ላለችው ማፈሩ ቤት ከተገባ በኋላ ይደረሳል።

በሌላ በኩል የቶኪዮውን የከባድ ሚዛን ፍጻሜ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሳዑዲው ታሬግ ሐመዲ በነጥብ እየመራ ሳለ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴን ጭንቅላቱን በእርግጫ መትቶ ራሱን አሳተው። ዳኞቹ «ከመጠን ያለፈ ኃይል» ብለው ሐመዲን ከግጥሚያው አስወጡት። ወርቁ በቃሬዛ ለወጣው ተሰጠ። ለስፖርት ደንቡ ልክ ነው፣ ልጆች እንዲሞቱ ማንም አይፈልግም። ነገር ግን በዚህ ደንብ አሥር ዓመት የሠለጠነ ሰውነት መንገድ ላይ ሲያዝ ምን ያደርጋል? እጁ ራሱ ከመንካቱ በፊት ይቆማል። የለመደው እሱን ነዋ!

ስፖርቱን እየናቅኩ አይደለም። የተወዳዳሪዎቹ ልጆች ፍጥነት ያስቀናል፣ ከኔ ጋር ቢጋጠሙ በሁለት ሰከንድ ያወርዱኛል። ጥያቄዬ ለምን እንደምንሠለጥን ይለይ ነው።

ጋሼ ዘንድ በሳምንት አንድ ቀን ነጩን ልብስ አንለብስም። ከሥራ እንደመጣን፣ በጫማችን፣ በጃኬታችን፣ ቦርሳችንን አንግተን እንቆማለን። መብራት ይጠፋል (አንዳንዴ እኛ ሳናጠፋውም ይጠፋል)። አንዱ ከኋላ መጥቶ ያንቃል። የተማርነው ይህ ነው፦ አገጭን ወደ ክርኑ መታጠፊያ መቅበር፣ በሁለት እጅ ክንዱን ወደ ታች መጎተት፣ ወገብን ዝቅ አድርጎ ወደ ክርኑ በኩል መዞር። የአንገት ደም ሥር በደንብ ከታነቀ ሰው በአሥር ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ እጅ ቀድሞ መልመድ አለበት። ከተላቀቅን በኋላ ደግሞ መምታት ሳይሆን ወደ በሩ መሮጥ ነው። በሩን ያልነካ እንደገና ይታነቃል።

ኪያይ የሚባለውንም ጩኸት ጋሼ ለከተማችን አስተካክለውልናል። «ኪያ!» ስንል «እሱን ማን ይሰማችኋል? ‹ሌባ!› በሉ» ይሉናል። አዳራሹ ከአስፋልት የራቀ ስላልሆነ አንድ ቀን ሁለት የታክሲ ረዳቶች ድንጋይ ይዘው ገቡብን። አመስግነን ሸኘናቸው።

የሕጉንም ነገር የሚነግሩን እሳቸው ናቸው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ራስን ከሕገወጥ ጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል፣ ግን ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ሲሆንና ምላሹም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። ቀጣዩ አንቀጽ ልክ ስላለፈ መከላከል ይናገራል። ስልክህን ነጥቆ የሚሮጥን ልጅ አሳደህ ጥርሱን ብታረግፍ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ። ጋሼ «ስልኩን ከወሰደ ወሰደ» ነው የሚሉት። አንዳንድ ጎረምሶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። እነሱ የመጡት ለሌላ ነገር ነዋ።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ውድድር የምታስተምሩ ክለቦች ታፔላችሁ ላይ «የውድድር ካራቴ» ብላችሁ ጻፉ። ልጁን ለሜዳሊያ የሚያስገባ ወላጅ ደስ ብሎት ይመጣል። «ራስን መከላከል» የሚለውን ማንሳት ካልፈለጋችሁ ደግሞ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ማነቅ፣ መያዝና ማምለጥ አሠሩ። ጋዜጣችሁም ቀጥሎ ስለ ካራቴ ሲጽፍ አንድ አሠልጣኝ ጠርቶ «ከኋላ ብታነቅስ?» ብሎ ይጠይቅልን። መልሱን ማየት ያጓጓኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ክለብ የሚከፍተው ከሥራ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። ያኔ እኛ ባንኮኒ ላይ ነን፣ የካፌ አስተናጋጆችና የሱቅ ሠራተኞችም እንዲሁ። ማታ አምሽተን የምንገባው እኛ ሆነን ሳለ ሥልጠናው በሰዓታችን አይደለም። ጋሼን ለምነን ከጠዋቱ 12 ሰዓት አስከፍተናል፣ ሴቱ ከወንዱ በልጧል። ሌሎቹም ቢሞክሩት ሰው አያጡም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ቸርችል ጎዳና
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)