በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ባለቤቱንና ግሱን እናስቀድም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሌሎች ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ሪፖርቶች፣ ማመልከቻዎችና የጥናት ጽሑፎች በማረም ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ በዚህ ሥራ ደጋግሜ የታዘብኩትን አንድ ነገር በጋዜጣችሁ በኩል ለአንባቢዎች ላካፍል እወዳለሁ። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛችን የደከመው የምናውቀው ቃል ስላነሰ ይመስለናል፤ ስለዚህም መዝገበ ቃላት ገልጠን ከበድ ከበድ ያሉትን እንለቅማለን። በቀይ እስክሪብቶ ከማሰምርባቸው ዓረፍተ ነገሮች በአብዛኞቹ ግን ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ የተበላሸው አሰካካቸው ነው።

ምክንያቱ ከራሳችን ቋንቋ ይጀምራል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ዝናብ ዘንቦ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ መኪናው ተይዞ፣ ሳንደርስ ቀረን» እያልን ቦዝ አንቀጽ በቦዝ አንቀጽ ላይ ብንደረድር አንባቢው አይደናገርም፤ ማሰሪያው እስኪደርስ መጠበቅን ለምዷል። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ባለቤቱንና ግሱን ቀድሞ ማግኘት ይፈልጋል፤ ተሳቢው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የአማርኛውን ድርድር እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግረው «ቢይንግ» እና «ዊች» ይቀጣጠሉና ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ አንቀጹ ያልቃል። በቅርቡ ያረምኩት አንድ ሪፖርት ከሃምሳ ቃላት በላይ ባለው ዓረፍተ ነገር ይከፈት ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን ማሰሪያ ሊሆን የሚችል አንድም ግስ አጣሁ። ጸሐፊውን ወጣት ጠርቼ «እስቲ ወረቀቱን ተወውና ማን ምን እንዳደረገ በቃልህ ንገረኝ» አልኩት። «ዘ ኮሚቲ አፕሩቭድ ዘ ፕላን» ሲል መለሰልኝ። ኮሚቴው ዕቅዱን አጽድቋል ማለቱ ነው። አምስቱን ቃላት ጻፍናቸው፤ ቀኑም፣ ምክንያቱም፣ የስብሰባው ቦታም ተራ በተራ ከዚያ ላይ ተንጠለጠሉ።

ባለቤትን መዝለልም የዚሁ ልማድ ልጅ ነው። «እየዘነበ ነው» ስንል ባለቤቱ በግሱ ውስጥ ስላለ ምንም አይጎድልም፤ እንግሊዝኛው ግን ምንም የማይወክል እንኳ ቢሆን «ኢት» የሚለውን ቃል ከፊት ካላስቀመጥን አይቆምም። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማያያዝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝ ስሕተት ነው፦ «ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዊ ዌንት ሆም»። እዚህ ላይ ወይ በነጥብ መለየት፣ ወይ ድርብ ሰረዝ ማድረግ፣ ወይ ከሰረዙ ቀጥሎ «ኤንድ» ወይም «ሶ» ማስገባት ያስፈልጋል።

ነጠላ ሰረዝን ከጌጥ ለሚቆጥር ሰው በአሜሪካ የሜይን ግዛት የተነሳውን ክርክር ላስታውስ። የግዛቲቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች ዘርዝሮ በመጨረሻ «ለጭነት ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ተብሎም፣ «ለጭነት ማሸግ፣ ወይም ማከፋፈል» ተብሎም ሊነበብ በሚችል ሐረግ ይዘጋ ነበር፤ «ወይም» ከሚለው ቃል በፊት ሰረዝ አልነበረበትምና። ወተት የሚያመላልሱ ሹፌሮች «እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም፤ ስለዚህ ክፍያው ይገባናል» ብለው ተከራከሩ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐረጉ አሻሚ ነው ሲል ለሹፌሮቹ ወሰነ፤ በማግስቱ ዓመትም ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ሕግ አርቃቂዎችን እንዲህ ያደናቀፈ ምልክት ተማሪን ቢያስቸግር አይገርምም፤ ሳያስተምሩት ማለፍ ግን ተገቢ አይመስለኝም።

የቀሩትን ባጭሩ ላንሳ። «ዘ ሊስት ኦፍ ስቱደንትስ» ብለን ስንጀምር ቅርብ ያለው የብዙ ቁጥር ስለሚስበን «አር» እንጽፋለን፤ ባለቤቱ ዝርዝሩ ነውና «ኢዝ» ነው ትክክሉ። «ሺ ኢዝ ቲቸር» ስንልም «ኤ» ትቀርብናለች፤ «ኤ» ወይም «አን» የምንለው ደግሞ ፊደሉን አይተን ሳይሆን ድምፁን ሰምተን ነው፦ «አን አወር»፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። ከቃላቱ የፊደል አጻጻፍ (ስፔሊንግ) ጋር ለሚታገል ሰው ግን አዝናለሁ። እንግሊዛዊው አታሚ ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያ ቤቱን በዌስትሚንስተር ሲከፍት የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ገና በመለወጥ ላይ ነበሩ፤ አነጋገሩ ሲቀየር የታተመው አጻጻፍ ባለበት ቀረ። ለዚህ መፍትሔው ደጋግሞ ማንበብ ነው፤ ሌላ አቋራጭ አላገኘሁለትም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ አንድ የተበላሸ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከነእርማቱና ከነምክንያቱ የሚወጣበት ትንሽ ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሳልገልጽ፣ ካረምኳቸው ጽሑፎች እየመረጥኩ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጽሑፍ አራሚ