ቢበላሽ ምን ታደርጋለህ?

ደሴ፣ ጥር 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እርስዎ ያሉበት ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅዎ አውቃለሁ። ግን በስልክ የምነግርዎን ግማሹን አይሰሙኝም፤ የሚሰሙትን ግማሽ ደግሞ እየጮህኩ ስለምናገረው ቁጣ ይመስልብኛል። ፊት ለፊት ስንቀመጥም ስለ ብርዱና ስለ ጤፍ ዋጋ አውርተን እንለያያለን። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ለጎረቤት ልጅ አያስነብቡት።

በመጀመሪያ የልጆቹን ወሬ። ትልቋ በመንፈቅ ዓመቱ ከክፍሏ አራተኛ ወጥታለች፤ ሦስተኛ የወጣችው ጓደኛዋ ስለሆነች ሁለት ቀን ኩርፊያ ነበር። የትንሹ የላይ ጥርሶቹ ወልቀው «ሰ» አልወጣ ብሎታል። «አባባ እኮ አተብ ድረስ ይነዳ ነበር» እያለ ለሰፈሩ ልጆች ይተርካል። የፊያት መኪናዎን ፎቶግራፍ ከአልበሙ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እንዳይቀደድ ብዬ ላነሳው ሞክሬ በለቅሶ አሸነፈኝ።

አሁን በስልክ ወደ ተቆጡኝ ነገር ልመለስ። «ሰው ቀብድ የሰጠበትን ነገር ሜዳ ላይ አይጥልም፤ የሰው ስምም አያጠፋም» አሉኝ። ስም አላጠፋሁም፤ የሆነውን ልንገርዎ።

ስድስት መምህራን ሆነን በዕረፍቱ ራስ ዳሸን ለመውጣት ከተነጋገርን ቆይተናል። አንዱ ባልደረባችን በዘመዱ በኩል መንገድ መሪ አገኘሁ አለና 4,000 ብር ቀብድ ሰጠን። ሰውየውን ያየነው ግን ከከፈልን በኋላ ነው፤ ጥፋቱ እዚህ ላይ የእኛ ነው። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተገናኘን። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ከአስተናጋጁ ጋር ሳይቀር ይቀልዳል። ከዚያ በሶፍት ወረቀት ላይ መንገዱን ሣለልን። ከደባርቅ ተነሣ፣ ጨነቅ የሚባለው ማደሪያ ላይ አንድ ነጥብ አደረገ፣ ከጨነቅ እስከ ዳሸን እስክሪብቶውን ሳያነሣ ቀጥ ያለ መስመር ሳበ። «በሁለተኛው ቀን ማታ ጫፉ ላይ ናችሁ» አለ።

አባባ፣ እኔ ሄጄበት አላውቅም፤ ያነበብኩትን ብቻ ነው የማውቀው። ከጨነቅ ወደ ዳሸን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ሽቅብ ነው። እርሱ ግን ያንን ሁሉ ገደል በአንድ መስመር አሻገረን። ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩና «ሸለቆው የት አለ?» አልኩት። «እሷማ ትንሽ ቁልቁለት ናት» ብሎ ሳቀ።

ያን ጊዜ የእርስዎን ጥያቄ ጠየቅሁት። ኮምቦልቻ ሳለን ረዳት ሊቀጥሩ ሲሉ ከዚያች በቀር ሌላ ጥያቄ አልነበረዎትም። «መንገድ ላይ ቢበላሽ ምን ታደርጋለህ?» ይሉታል። «አይበላሽም ጌታዬ» ያለውን ያሰናብቱታል፤ «መጀመሪያ ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ» ያለውን ይቀጥሩታል። እኔም «ከእኛ አንዱ ሌሊት ራሱን ቢያመው፣ ቢያስመልሰው፣ ሲራመድ ቢንገዳገድስ?» አልኩት። «አያማችሁም! የደሴ ልጆች አይደላችሁ? ጦሳን የወጣ ዳሸን አያቅተውም» አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እርሱ በመጀመሪያው ሌሊት በመኪና ወስዶ ሊያሳድረን ያሰበው ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ሰውነት ከፍታን ቀስ በቀስ ነው የሚለምደው፤ ካመመ መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው። እርሱ ነጭ ሽንኩርት ያዙ አለን። ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብም፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት መውሰድም አያስፈልግም፣ «እኔን ያውቁኛል» አለ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

ባልደረባዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። እኔ ግን ሰውየውን «ከእርስዎ ጋር አንሄድም» አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። እንዲያውም በፈገግታ «እህቴ፣ ሰው እመኚ» አለኝ።

ይህችን ቃል ከዚያ በፊት የሰማኋት በእኛ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ። የግፊት ክኒንዎ እያለቀ መሆኑም ትዝ አለኝ፤ የአንድ ወር ገዝቼ ደብዳቤውን ከሚያመጣልዎ ልጅ ጋር ልኬያለሁ። ደኅና ነኝ ብለው አያቋርጡት፤ ደኅና የሆኑት ስለሚውጡት ነው። ጨውም ይቀንሱ።

በ2004 ለዓረፋ ትልቋን ይዤ ኮምቦልቻ መጥቼ ነበር። ደላላው እርስዎ አጠገብ፣ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ በር አካባቢ ቆሟል፤ ጫማው አዲስ ነበር። ሰውየው በጣቱ ስጋጃው ላይ መንገዱን እየሣለ «ከሎጊያ እስከ ድንበር እንዲህ፣ ከኦቦክ በጀልባ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ» ይላል። ውሃ በየቦታው አለ ይላል። ባቲን አልፎ ያለውን በረሃ እርስዎ ስንት ዓመት ነድተውበታል? ሚሌ ላይ መኪና ቆሞባቸው በቀትር በእግር ስለ ሄዱ ሰዎች የነገሩን እርስዎ አይደሉም? ጎማውን ሁሉ በብረት እየመቱ ሳይዞሩ ከግቢ የማይወጡ ሰው ያን ቀን አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። እኔ ከረከቦቱ አጠገብ «ጀልባዋ ስንት ሰው ትይዛለች?» አልኩ። እርስዎ ቀና ሳይሉ «ቡናውን ቅጂ፤ ሰው እመኚ» አሉኝ። ሰውየው በረካውን ሳይጠብቅ ገንዘቡን ተቀብሎ ወጣ።

እኔም ዝም ብዬ ቀዳሁ። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም።

በ2006 ከሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ቦሌ ያደርናቸውን ሌሊቶች አልጽፋቸውም። እማዬ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆነች እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ልወቅስዎ ብቻ አይደለም የጻፍኩት። ፒያሳ ላይ አፌን የከፈተልኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። ስለ እርሱ አመሰግንዎታለሁ።

ቅዳሜ እንነሣለን፤ በወልድያና በደብረ ታቦር አድርገን ጎንደር፣ ከዚያ ደባርቅ። መንገድ መሪውንም ስካውቱንም እዚያው ከጽሕፈት ቤቱ እንይዛለን፤ ሳንቃበር አንድ ሌሊት፣ ግጭ አንድ ሌሊት እያልን ነው የምንወጣው። ቀኑ ካልበቃን ዳሸን ይቀራል፤ ጭላዳና ዋልያ አይተን እንመለሳለን። ቀብዱን አልመለሰልንም። ሁለቱ መምህራን አሁንም አኩርፈውኛል፤ ለ4,000 ብሩ ይሁን ለሰውየው ጨዋታ አላውቅም። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ናቸው። ዱአ ያድርጉልን።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያን ቀን ደላላውን እስከ በር ሸኝተው ሲመለሱ ነጠላ ጫማዎን ግራና ቀኙን አቀያይረው ነበር ያደረጉት። እንደዚያው ሆነው እስከ መግሪብ ተቀመጡ። እኔ አይቻለሁ፤ እማዬም አይታለች፤ ማናችንም አልነገርንዎትም። አባባ፣ እርስዎም ተጠራጥረው ነበር?

በስልክ አይመልሱልኝ። ስመለስ እመጣለሁ።

ልጅዎ

ክኒኑ ማታ ማታ ነው፤ ጠዋት እንዳይወስዱት።