ይድረስ ለብረት ሠሪው ወዳጄ

ይድረስ ባሕር ዳር ለምትገኘው ወንድምዓለም፤ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማም አሉ። ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ቅዳሴ አያስታጉሉም፤ «ያ የብየዳው ጓደኛህ ምነው ጠፋ?» ማለታቸውንም አልተዉም።

ማን ለማን መደወል ነበረበት በሚለው አንከራከር። መንገዱም፣ ኔትወርኩም፣ ኑሮውም የየድርሻቸውን ወስደዋል። ደግሞ ናፍቆት ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ፤ ሥራ ላዝህ ነው። ልኬት ስላለው በስልክ አይሆንም።

እንጨት ማጉበጥ ጀምሬያለሁ። ድሮ ክብ ጀርባ ያለው ወንበር ሲታዘዝ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ላይ ቅርጹን ስለን በመጋዝ እንከተለው ነበር፤ ግማሹ ለምድጃ ይሄዳል። በዛሬው የዋንዛ ዋጋ ይህን ማድረግ እብደት ነው። የተረፈውም ቢሆን ጭረቱ፣ ማለትም በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው ክር፣ መሀል ለመሀል ስለሚቆረጥ፣ ወፈር ያለ ሰው ተደግፎ ሲንጠራራ ቀጭ ይላል። በጎበጠ እንጨት ላይ ግን ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ አብሮ ይዞራል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እረኛ ዱላውን ቅቤ ቀብቶ እሳት ላይ እያገላበጠ ሲያቃና አይተሃል። የእንጨቱን ጭረቶች አጣብቆ የያዘው ሊግኒን የሚባል ነገር ሲሞቅና ሲርስ ይለዝባል፤ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ደግሞ በያዘው ቅርጽ ይጠነክራል። እኔ በእሳቱ ፋንታ እንፋሎት አደረግሁ እንጂ ሌላ ጥበብ አልጨመርኩም። አሮጌ በርሜል ውስጥ ውሃ አፈላለሁ፣ እንፋሎቱ በጎማ ወደ ረጅም የጣውላ ሳጥን ይገባል። ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ሳጥኑ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል፤ ለእንፋሎቱም መውጫ ቀዳዳ አለው። መውጫውን መድፈን አደጋ ነው፤ ሳጥኑ ይፈነዳል።

የተለመደው ስሌት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ባቄላ እዚህና ሁመራ እኩል እንደማይበስል ሁሉ እንጨቱም ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሩብ ሰዓት እጨምርበታለሁ።

ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ ግን ፋታ የለም። ወዲያው ይቀዘቅዛል። ጓንት እናጠልቃለን፤ ልጄ አንዱን ጫፍ ፎርማው ላይ፣ ማለትም ቅርጹን በሚሰጠው ጎባጣ መደገፊያ ላይ፣ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን እየሳብኩ እዞራለሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ከዚያ በሞርሳ ጠፍሮ እስኪደርቅ መተው ነው፤ እኔ ሳምንት እተወዋለሁ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ። ሲፈታ ትንሽ ስለሚመለስ ፎርማውን ከምፈልገው ቅርጽ ይበልጥ ጎበጥ አድርጌ ነው የምሠራው።

እንጨት መረጣ ላይ ምሕረት የለም። ጉጥ ያለበት፣ ወይም ጭረቱ በሰያፍ ከጎን የሚወጣ እዚያው ይሰነጠቃል። አጥንቱ ድረስ የደረቀም አይሆንም፤ በአየር የደረቀና ትንሽ እርጥበት የቀረበት ይሻላል። ጥድና ዝግባን ለዚህ ሥራ አላምናቸውም። ዋንዛ ለዘብ ያለ ጉብጠት ይቀበላል፤ ጠበቅ ሲል ግን ውጪው ይከፈታል። አንተን የፈለግሁህም ለዚሁ ነው።

አስበው፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ግማሽ ክብ ሲሆን፣ የውጪው ፊት ከውስጡ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ክቡ ይጥበብም ይስፋም ልዩነቱ ያው ነው። ይህ ርዝመት ከየት ይምጣ? የታጠነ እንጨት ሲሳብ የሚለጠጠው ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ለማጉበጥ የሚመች እንጨት ግን ወደ ውስጥ ሲጨመቅ ከመቶ ሃያ እጅ በላይ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ዘዴው ውጪውን እንዳይለጠጥ ከልክሎ ውስጡ እንዲጨመቅ ማስገደድ ነው። ከውጪው ፊት ላይ ላሜራ ታደርጋለህ፤ በላሜራው ሁለት ጫፎች ያሉት መቆሚያዎች የእንጨቱን ጫፎች ቀርቅረው ይይዛሉ። በቪየና ወንበር ይሠራ የነበረው ሚካኤል ቶኔት የተራቀቀው በዚህ ነው። በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 የተባለው ወንበር ስድስት እንጨት ብቻ ነው፤ ሲፈታታ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር። ከጎንደር አዲስ አበባ ወንበር ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምቀኝነት ይይዘዋል።

ሌላም መንገድ አለ። እንጨቱን ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ሰንጥቆ፣ ንብርብሩን በኮላ ፎርማ ላይ ማጣበቅ ይቻላል፤ ነጩ ኮላ ግን ሁልጊዜ ለሚወጠር ነገር ቀስ በቀስ ይለቃል፣ መሰንጠቁም እንጨት ይበላል። ጀርባውን በመጋዝ እየበጡ ማጉበጥ ደግሞ ለባንኮኒ ፊት ይሁን እንጂ ሰው አይቀመጥበትም።

ልኬቱ ይኸው፦ እንጨቴ 110 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ስፋት፣ 2.5 ውፍረት አለው። ላሜራው 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሁን፤ ስቴንለስ ካልሆነ እርጥቡን እንጨት ያጠቁርብኛል። መቆሚያዎቹን ከአንግል ብረት ሥራቸው፤ በአንደኛው በኩል የሚጠብቅና የሚላላ ብሎን አስገባበት። ሲሳብ መቆሚያዎቹ ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ ከየጀርባቸው ክንድ የሚያህል እጀታ በየድልኝ። ስቴንለሱ ከአንግሉ ጋር እንዴት እንደሚበየድ አንተው ታውቃለህ።

ሲያልቅ በሚኒባስ ላከው፤ አዘዞ ወርጄ እቀበላለሁ። ዋጋውን ጻፍልኝ፤ «በወንድምነት ነው» ካልክ መልሼ እልክልሃለሁ። ለጥምቀት ከመጣህ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ና፣ በዓሉ ሳይጀመር አብረን እናጎብጣለን።

ወንድምህ
ከጎንደር