ሽማግሌዎቹ ሲመጡ

ይድረስ ለልጄ፣

ጽሑፌ ወደ ታች እያነሰ ሲሄድ ብታዪ አትደንግጪ። እሱም ከፓርኪንሰን በሽታዬ ነው።

በስልክ «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ስለ መንቀጥቀጥህ ባናነሳስ? የዘር በሽታ ነው እንዳይሉ» ያልሽኝን ሳስብ ሰነበትኩ። ስጋትሽ ይገባኛል። ግን አልደብቅም። ፓርኪንሰን አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይወረስም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ኬሚካል የሚያመነጩት ሕዋሶች እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴ ይዛባል፤ ይኸው ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1817 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። እኛ ሰፈር ግን ዛሬም «ልክፍት ነው» የሚል አይጠፋም።

ደግሞስ ብንደብቀው ምን ይሉኛል? ጣና ዳር በእግሬ ስንሸራሸር ጠጥቶ ነው የሚሉኝ አሉ። ፊቴ እንደ ድሮው አይፈታም፤ ደስ ብሎኝም የተኮሳተርኩ እመስላለሁ። አማቾችሽ ካልነገርናቸው «ሰውዬው ጠልቶናል» ብለው ነው የሚሄዱት።

አክስትሽ መድኃኒቱን ትተህ ጠበል ብቻ ተጠመቅ ትለኛለች። እጠመቃለሁ፤ ክኒኔን ኪሴ ይዤ። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሌቮዶፓ የሚባለው ይህ ክኒኔ በሽታውን አያጠፋውም፤ የሸሚዜን ቁልፍ የምቆልፈው ግን በእሱ ነው። ሥጋና ዓሣ ኃይሉን ስለሚቀንሱት ከምግብ በፊት እውጠዋለሁ። ባሕር ዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ እያሸተቱ መጠበቅ፣ አቤት ፈተና!

ሚያዝያ 3 የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ነው። በዚያ ወር የእድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ልናገር አስቤያለሁ። እጁን ኪሱ ከትቶ የሚመጣ ሌላም ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ቀን እንዲህ ይሁን። ምሳው ክኒኔን ከዋጥኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይቅረብ። ቡናዬን ሲኒው ግማሽ ድረስ ብቻ ቅጂልኝ። በሩ ላይ እግሬ መሬቱን ሙጭጭ ካለ ማንም እንዳይጎትተኝ፤ ወንድምሽ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ይቁጠርልኝ፣ እራመዳለሁ። ድምፄ ስላነሰ ጆሮው የሚሰማውን ሽማግሌ አጠገቤ አስቀምጡት። መልሱን የምሰጠው ራሴ ነኝ።

ክኒኑ እዚህ አንዳንዴ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ስትነሺ ፋርማሲ ጎራ በይልኝ፤ የማዘዣውን ፎቶ ወንድምሽ በቴሌግራም ይልክልሻል።

አባትሽ
ከባሕር ዳር